ለአንድ እግር አንድ ድንጋይ

በአንድ ወቅት አትጠገብ የምትባል እናት ለልጅ ልጇ ሠርግ የተገዛላትን አዲስ ጫማ ስትለማመድ ጫማው ተረከዟን ላጠው። ቁስሉ ከጣት ጥፍር አይበልጥም ነበር። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም ይወዷታል። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

የበኩር ልጇ አንዳርጌ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወርዶ፣ ልጅ ሆና ከጠጣችው ምንጭ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ አመጣ። የጀሪካኑ ውስጥ ያሟልጭ ነበር፤ ልብ አላለውም። ጠዋትና ማታ ተንበርክኮ እግሯን አጠበ። «እንዳንተ ያለ ወንድ ልጅ ማን ወልዶ!» እያለች መረቀችው።

ሁለተኛዋ የሻረግ፣ የቆየ ቁርጥማት ያለባት እናቷ ጉልበቷ ደርቆ በሠርጉ ቁጭ ብላ እንድትውል አልፈለገችም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቁርጥማት ክኒን ገዛችላት። በሳምንቱ አትጠገብ ያለ ምርኩዝ ቆመች። «ይቺ ልጅ ዳግም ወለደችኝ» አለች።

የሙሽራዋ እናት ብርቄ የመጨረሻዋ ናት። በሠርጉ ዋዜማ የእናቷን ቀሚስ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ሸተታት፤ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ፣ ጣፋጭ ሽታ። ተረከዟ የታሰረበት ፋሻ አረንጓዴ ሆኗል።

«እማዬ፣ ያምሻል እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ! ሠርጉን እንዳታውኪብኝ።»

ከሞት ይልቅ የሰው ዓይን የሚፈራበት አገር ነው። ብርቄ የሙሽራውን ዘመዶች አሰበች። ሽቶ ረጨችባት፤ በዳሱ ጥግ፣ ነፋስ በሚወጣበት በኩል ወንበር አኖረችላት። አትጠገብ እዚያው ሆና ስታጨበጭብ ዋለች።

በማግስቱ ትኩሳት ጣላት። ሆስፒታል ስትደርስ እግሯን ማትረፍ አልተቻለም፤ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ልጆቿ ኮሪደሩ ላይ ተያያዙ።

«ያንተ ውሃ ነው!»

«ያንቺ ክኒን ነው እንጂ!»

«ብርቄስ፣ አንቺ አፍንጫ የለሽም?»

ዶክተሯ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። «ይህ ባክቴሪያ ውሃና እርጥበት ባለበት ሁሉ ይኖራል» አለች። «ጤነኛ ሰው አይደፍርም፤ ነጭ የደም ሴሎች ጠባቂ ናቸው፣ ይውጡታል። የእናታችሁን ጠባቂዎች ግን ክኒኑ አደንዝዟቸዋል። ሲገባ የሚመልሰው አጣ። ጊዜ ሲያገኝ ዝልግልግ ድንኳን ሠርቶ ተከለለ። ዘግይተው የደረሱትን ጠባቂዎች ከዚያ ውስጥ መርዝ እየለቀቀ አፈነዳቸው። ፋሻው ላይ ያያችሁት መግል የእነሱ ሬሳ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሦስቱም እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው።

አትጠገብ ከሆስፒታል ስትወጣ የማንኛችሁንም ቤት አልረግጥም ብላ ጎረቤት ቤት አረፈች። ልጆቿ በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ያመጡት ግን አንድ ድንጋይ ነበር፤ ለሦስት ይዘውታል።

«አስቀምጡት» አለች። «ለሦስት ስትይዙት ቀለላችሁ። የሄደብኝ እግር አንድ ነው፤ ተሸካሚውም አንድ ይሁን። ሁለቱ ቀና ብለው ይሂዱ። የተሸከመውን ይቅር ብዬ፣ ድንጋዩን ከጫንቃው አወርድና እሱ ቤት እገባለሁ።»

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስቱም መለሱ።

እናንተ እዚያ ብትሆኑ ድንጋዩን በማን ጫንቃ ላይ ታኖሩ ነበር? ጠላትን በጀሪካን ባመጣው፣ ጠባቂዎቹን ባደነዘዘችው፣ ወይስ ሸቷት ሽቶ በረጨችው? ወይስ «ደኅና ነኝ» ያለችውም ድርሻ አላት? ድንጋዩም እናትየዋም የማን ናቸው?