አያ ጅቦ ያልጠበቀው ምስጢር

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ ደግ ቀኑ ነበር መሰል፣ «ከእንግዲህ የዱሩም የቤቱም እንስሳ አብሮ ይማር» ብሎ ከወንዝ ማዶ ባለ ኮረብታ ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የገባ ሁሉ ጥርሱን በባልንጀራው ላይ ላያሳርፍ ምሎ ነው የገባው። አያ ጅቦም ማለ። ሲምል ምራቁ ይንጠባጠብ ነበር፤ ግን ማለ።

የመኝታ ድልድሉን ያወጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ብቻ አያ ጅቦን ከአህዪት ጋር በአንድ ክፍል መደበው። መጀመሪያ ሰሞን አህዪት አንድ ዓይኗን ገልጣ ነበር የምትተኛው። ኋላ ግን ተላመዱ። ትምህርቱ አልገባው ሲል እሷ ታስረዳዋለች፤ እሱም ከምግብ ቤት ሲመለስ ያየውን የሰማውን ሁሉ ያወራላታል። ጅብና አህያ ጓደኛ ሆኑ ብል ማን ያምነኛል? ሆኑ እንጂ!

አህዪት ከቆላ መንደር የመጣች፣ ከዘሯ ለትምህርት የተላከች የመጀመሪያዋ ናት። ስትነሳ መንደሩ ተሰብስቦ መርቋታል፤ አባቷም ቃጭሉን ከአንገቱ ፈትቶ አንገቷ ላይ አስሮላታል። «ስማችንን አስጠሪ» አሏት። በአህያ ቤት ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ ጭነት ከበደኝ ማለት ነውር ነው። ልጅ ገና በውርንጭላነቱ ጆሮውን ጥሎ፣ ዝም ብሎ መሸከም ይማራል።

እናም ትምህርቱ ሲከብዳት ለማንም አልተናገረችም። አንዱን ፈተና ወደቀች፤ ዝም አለች። ሌላውንም ወደቀች፤ ዝም አለች። በዚያ ላይ ተማሪው እርስ በርሱ ሲሰዳደብ «አንተ አህያ!» ይባባላል። ስድቡ ለእሷ ባይሆንም ጆሮዋ ረጅም ነውና ሁሉንም ትሰማለች። እህል አስጠላት፣ እንቅልፍ ራቃት፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት እንኳ አቃታት።

ከዕለታት ባንዱ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ለአያ ጅቦ ሰጠችው። በማግስቱ ቃጭሏን ፈትታ ሰጠችው።

«ከነገ ጀምሮ አልጋዬም ያንተ ነው» አለችው።

«አንቺስ የት ልትተኚ?»

«እኔ ደክሞኛል፣ አያ ጅቦ። እኔ ባልኖር ሁሉም ይገላገላል። ይህን ለማንም እንዳትናገር። ማልልኝ።»

አያ ጅቦ የደነገጠ እንዳይመስላችሁ። የሰማው አልጋውን ብቻ ነው። «ሆዴ ይሙት፣ አልናገርም!» ብሎ ማለላት። ጅብ ከሆዱ የበለጠ የሚምልበት ነገር የለውም።

ነገር ግን ያገኘውን ሳያወራ መዋል አይሆንለትም። ብርድ ልብሱን ደርቦ፣ ቃጭሉን እያንቃጨለ፣ በብልጠቷ አገር ወዳወቃት ወደ እመት ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ እንኳን ደስ ያለህ በይኝ! አህዪት ብርድ ልብስ ሰጠችኝ፣ ቃጭል ሰጠችኝ፣ ነገ ደግሞ አልጋ ልትሰጠኝ ነው። አንቺ ብልጥ ነሽና እስቲ ገምቺልኝ፤ ከነገ ወዲያስ ምን ትሰጠኝ ይሆን?»

ቀበሮ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።

«ስትሰጥህ ምን አለችህ?»

«እሱን እንዳልናገር በሆዴ ምያለሁ።»

«አያ ጅቦ!»

«እሺ፣ እሺ። ደክሞኛል፣ እኔ ባልኖር ሁሉም ይገላገላል አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።»

የቀበሮ ዓይን እንባ አቀረረ። «አንተ ሞኝ፣ ልጅቱ እኮ እየተሰናበተችህ ነው! የአባቷን ቃጭል ከአንገቷ ፈትታ የምትሰጥ ልጅ ለነገ አስባ ነው?»

አያ ጅቦ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ሲገባው ግን ያ ድሮም ዝቅ ያለው ወገቡ መሬት ሊነካ ደረሰ። «ልትሞትብኝ?» አለ። «አህዪቴ?»

ተያይዘው ሮጡ። ቀበሮ በመንገድ ላይ ስንት ብልሃት አሰበች፤ ቀልድ ልንገራት፣ በወሬ ላዘናጋት፣ ታመምኩ ብዬ እንድታስታምመኝ ላድርግ ስትል ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ብቻዋን ተቀምጣ ሲያገኟትና ፊቷን ስታይ ግን ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። አጠገቧ ቁጭ አለችና ሳትዞር ሳትሸፋፍን ጠየቀቻት።

«አህዪት፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»

አያ ጅቦ በድንጋጤ አፉን ያዘ። ሞት ስሙ ከተጠራ የሚመጣ ነበር የሚመስለው። አህዪት ግን ቀና ብላ ቀበሮን አየቻት፣ «አዎ» አለች፣ ከዚያም አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። «ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ እፈልግ ነበር» አለች። ቆይታም ወደ አያ ጅቦ ዞረች።

«ማልህልኝ አልነበር?»

«ማልኩ» አለና ብርድ ልብሱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «ሆዴ ከፈለገ ይሙት። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ።»

ይህን ያለው ጅብ ነው እንግዲህ።

«እኛ ብቻችንን አንችለውም» አለች ቀበሮ፤ ለአፍታም ብቻዋን ሳይተዉአት፣ ግራና ቀኝ ሆነው ወደ እማማ ኤሊ ወሰዷት። እማማ ኤሊ ልቡ የከበደውን ተማሪ የሚያነጋግሩ አማካሪ ናቸው። ብዙው ተማሪ «አብዷል እንዳይሉኝ» እያለ በራቸውን እያየ ያልፋል። እሳቸው በሕይወታቸው ቸኩለው አያውቁምና አህዪት ተናግራ እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያም፣

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ጭነት ሲያዘነብል ነጋዴ ምን ያደርጋል?» አሏት።

«ያቆማል። አራግፎ፣ አመጣጥኖ፣ እንደገና ይጭናል።»

«ጥፋቱ የአህያዋ ነው ይላል?»

«የአህያዋማ አይደለም።»

«በይ እንግዲያው፣ እኛም ቆመን እናራግፍ።»

በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ሐኪምም አያት፤ ፈተናውም ተራዘመላት። ጨለማው ተመልሶ የሚመጣባቸው ጠዋቶችም ነበሩ። ያኔ አያ ጅቦ እስከ እማማ ኤሊ በር ይሸኛትና እስክትወጣ ድረስ ደጅ ላይ ያንቀላፋል።

እማማ ኤሊ በአህዪት ፈቃድ ወደ ቆላ መልእክት ላኩ። አባቷ እንደሰማ ተነሳ። ሽማግሌው አቧራ ለብሶ ግቢው በር ላይ ሲታይ አህዪት ጆሮዋን ጣለች፤ ከፈተናው ሁሉ የፈራችው ይህን ቀን ነበር።

«አባዬ፣ ወድቄአለሁ» አለችው።

«ስለ ፈተናው ሌላ ቀን ትነግሪኛለሽ» አለ አባቷ። «እኔ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አለሽ ወይ ብዬ ነው።»

አህዪት አንገቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች።

«አለሁ» አለችው። «አለሁ፣ አባዬ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጃችን ሞትን አስቦ «ለማንም አትንገር» ቢለን፣ ደፍረን መጠየቅና ሊረዱት ወደሚችሉ ማድረስ እንጂ ምስጢር ጠብቀን ወዳጅ ማጣት እንደሌለብን ነው።