ጥላሸት የለበሰው ሴንሰር

ምላሷ ከመፍቻዋ የሚፈጥን አንዲት መካኒክ ነበረች። አንድ ቀን የከተማው ትልቅ ሹም ጥቁር ጭስ እየተፋች አልሄድ ያለችውን ትንሿን መኪናቸውን አስገፍተው ጋራዧ ደረሱ። ከኋላ ሲገፉ የመጡት ሦስት ረዳቶቻቸው ጭሱን ሲጠጡት ስለቆዩ ፊታቸው ጠቁሮ የሚታየው ጥርሳቸው ብቻ ነው። የአንደኛው ነጭ ሸሚዝማ የከሰል ጆንያ መስሏል።

መካኒኳ ከጭስ ማውጫው ላይ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ፈታች።

«ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ ጌታዬ። ጭሱን እያሸተተ ለሞተሩ ‹ቤንዚን በዝቷል፣ ቀንስ› ብሎ የሚነግረው እሱ ነበር። አሁን ስለተበላሸ ይቀየር።»

ሹሙ ቱግ አሉ። «የእኔ መኪና ታጨሳለች ልትይ ነው? ከእነዚህ አንዱ ‹አዎ› ካለ ቀይሪው፤ ካላለ ግን ጋራዥሽ ዛሬውኑ ይታሸጋል! እናንተ፣ ጭስ አይታችኋል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ክቡርነትዎ!» አሉ ሦስቱም እያሳሉ።

መካኒኳ ሴንሰሩን ከፍ አድርጋ ከረዳቶቹ ፊት ጋር አስተያየችው።

«የዚህም በሽታ ይኸው ነው፣ ጌታዬ፤ ጥላሸት ለብሶ ‹ሁሉም ደህና ነው› ይላል። እሱን አሁኑኑ እቀይርልዎታለሁ። ለሦስቱ ግን መለዋወጫ የለኝም።»