የጓሮ አፈር በመስታወት ገንዳ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ለሚስቱ ጓሮዋን ከአልጋዋ አጠገብ ሊያመጣላት የተነሣ።»

ጋሽ ዘርጋው እንዲህ በድንገት ጀመሩ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ምንተስኖት የጠየቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። የዛሬ አራት ወር ሽማግሌ ሆነው ልጅቷን ከወላጆቿ የለመኑለት እሳቸው ናቸውና፣ ትዳሩ ሲያስጨንቀው የመጣው ወደ እሳቸው ነው። «በእጮኝነት ሦስት ዓመት ስንቆይ አንድ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም፤ አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ ግን ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የለም። ተሳስተን ይሆን እንዴ? ልጅ ሳይመጣ ብንለያይ አይሻልም?» ነበር ያላቸው። ሽማግሌው ይሻላልም፣ አይሻልምም አላሉትም። ወንበራቸውን አመቻችተው ምሳሌያቸውን ቀጠሉ።

ያ ሰው ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነበረ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ወለል ላይ እብነ በረድ ሲያነጥፍ የኖረ። ሚስቱ ደግሞ አፈር የማይሰለቻት ሴት ነበረች፤ ደረቅ እንጨት ብትተክል ይጸድቅላታል ይባልላት ነበር። ኋላ ጉልበቷ ታመመና አልጋ ላይ ዋለች። ከአልጋዋ ሆና ጓሮው አይታያትም። ቀስ በቀስ ወሬም ቀነሰች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት አበዛች። ሰውየውን ከሕመሟ ይልቅ ያስፈራው ይህ ነበር።

አንድ ቀን በአንድ የጌጥ ዓሣ ሻጭ ደጃፍ ሲያልፍ፣ በመስታወት ውስጥ ለምለም ቅጠል ሲወዛወዝ አየ። በቅጠሉ መካከል ጣት የማያህሉ የሞቃት አገር ዓሦች ይመላለሳሉ። እዚያው ቆሞ ቀረ። ሬዲዮ የምታክል ትንሽ ገንዳ ከነማሞቂያዋ ገዛ፤ ለጊዜው ዓሣውን ትቶ አምስት ተክል ጨመረ። ሻጩ ከሥር ምን እንደሚነጠፍ ሊነግረው ገና አፉን ሲከፍት፣ «ወለል ለእኔ?» ብሎት ሄደ።

ሙያ በልብ ነው ብሎ ለሚስቱም አልነገራትም። ከሥራው የተረፈ ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር ነበረው፤ ሰባት ጊዜ አጥቦ አነጠፈው፣ ተክሎቹን በመካከሉ አቆመ፣ ውሃ ሞላበት። ውሃው ከጥራቱ የተነሣ ያለም አይመስል! ከአልጋዋ አጠገብ ሲያስቀምጥላት ሚስቱ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ደስ አላት፤ እሱም ደስ ስላላት ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ በሦስተኛው ሟሙ። ሌላ ገዛ፤ እነሱም ሞቱ። ሚስቱ እንዳይከፋው ብላ ዝም አለች፤ ነገር ግን ፊቷ እንደገና ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ተክል ተሸክሞ ሲገባ ግን አላስቻላትም።

«አንተ ሰው፣ በእብነ በረድ ላይ ጎመን ሲበቅል የት አይተሃል?»

«ውሃው እኮ ንጹሕ ነው!»

«ንጹሕ ነው። ግን ምን ይብሉ? ሂድና ከጓሮ አፈር አምጣልኝ። ፍግ ያልነካውን፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን። በዱቄት ወንፊቴ እንዳትነፋው ደግሞ፣ እንጣላለን!»

ዕድሜ ልኩን ከወለል ላይ አፈር ሲጠርግ ለኖረ ሰው አፈር አንጥፍ ማለት ስድብ ነው። እያጉረመረመም ቢሆን አመጣ። እሷ አፈሩን በመዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው፤ ስንት ወር ናፍቃው ነበር። ነጩን ጠጠር አስወጥታ አፈሩን ሁለት ጣት ያህል አስነጠፈችው፤ እንዳይነሣ በላዩ የታጠበ የወንዝ አሸዋ አለበሱት። ተክሎቹን በገዛ እጇ ተከለቻቸው። «ውሃውን በሳህን ላይ ቀስ እያልክ አፍስስ» አለችው። እሱ መቼ ቀስ ማለት ያውቃል? ገንዳው የሐምሌ ጎርፍ መሰለ።

በማግስቱ ውሃውን ደፍቶ ሌላ ሞላ፤ ያው ጎርፍ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ባልዲውን ይዞ ሲመጣ ሚስቱ ከትራሷ ቀና አለች፤ ባልዲውን ከእጁ ነጥቃ ከአልጋዋ ማዶ፣ እሱ በማይደርስበት በግድግዳው በኩል ወሸቀችው።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው። «አፈሩማ ተኝቶ ነበር፤ የምትቀሰቅሰው አንተ ነህ።»

ሰውየው ተቀመጠ። ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነበርና እጁን በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ከቶ ነው የተቀመጠው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጭቃ ብቻ አየ። በአራተኛው ቀን የቅጠል ጫፍ ታየው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከገንዳው ወዲህ ሆኖ ሲመለከት፣ በቅጠሎቹ መካከል ከወዲያ የሚስቱን ፊት አየ። እሷም እሱን እያየች ትስቅ ነበር። በወሩ ተክሎቹ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ያን ጊዜ ስድስት ዓሣ አመጣላት። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን የሚያየው ባልዲው ብቻ ሆነ።

ጋሽ ዘርጋው እዚህ ላይ ወደ ምንተስኖት ዞሩ።

«እስቲ ልጠይቅህ። የጠዋቱን ጭቅጭቅ ማታ ስትገባ ታነሣዋለህ?»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። «እንጨርሰው ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ባልዲህ እሱ ነው፣ ልጄ። የእጮኝነታችሁ ውሃ ጥሩ ነበር፤ ግን ከሥሩ የነበረው እብነ በረድ ነው። አምራችሁ ትገናኛላችሁ፣ አምራችሁ ትለያያላችሁ። አሁን አፈር ገባበት፦ የእናቷ ነገር፣ የአንተ ድካም፣ የሁለታችሁ ዓመል። አፈር ሲገባ ውሃ ይደፈርሳል። ይህ የመሳሳታችሁ ምልክት አይደለም፤ ትዳራችሁ ሥር የሚሰድበት እሱ ነው። ያጠፋህ እንደሆነ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቅ፤ ከዚያ ወዲያ አትበጥብጠው። ውሃውን ደፍተህ በሌላ ብትጀምርም ያው አፈር ይጠብቅሃል።»

ምንተስኖት ሊሄድ ብድግ አለና ከበሩ ላይ ተመለሰ። «ታዲያ ዛሬ ስገባ ምን ልበላት?»

«‹እራት በላሽ ወይ?› በላት» አሉት ሽማግሌው። «ከዚያ እጅህን ሰብስብ።»