የአባቱን ድምፅ የቆለፈ ሰው

አንድ ኮምፒውተር ጠባቂ ነበረ፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ።

አብነት ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «መምህር፣ ጤና ጣቢያ ያለችኝን ማሽን ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን አንድ ላይ የነካ ሁሉ እያጠፋ ያስነሳብኛል፤ ነርሶቹ አስቸገሩኝ፤ ሦስቱን ቁልፎች ጭራሽ ልዝጋቸው ወይ?» ነው ያልከኝ። መልሱ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። መስመሩን ብሰጥህ ግን ጽፈህ ትሄዳለህ፣ ሰውየውንም ሳታውቀው ትቀራለህ። መጀመሪያ ሰውየውን እወቀው።

ሰውየው በሥራው የማይታማ ነበር። በጣቢያው ጓዳ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የምትሠራ አንዲት ማሽን ነበረችው፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ሌላ ጌጥ የላትም። የጣቢያው ድምፅ ሁሉ የሚያድረው እሷ ሆድ ውስጥ ነው። ዜናው፣ ማስታወቂያው፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ድምፅ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የገዛ አባቱ ነበሩ። ደም የተቃባ ቤተሰብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። በእርቅ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን አንገቱን እንደሚደፋ፣ ምን ተብሎ እንደሚመረቅ፣ ሥርዓቱን ሙሉውን የያዙት እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ልጃቸው ለምኖ አግባባቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጣ ከማይክ ፊት እያስቀመጠ ድምፃቸውን ይቀዳ ጀመር።

ታዲያ አንድ ቀን የስፖርት ጋዜጠኛው ወደ ጓዳው ገባ። እሱ የሚያውቃቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ሦስቱ ቁልፎች ሲነኩ ምርጫ ያወጣሉ፤ «ምን ልታዘዝ?» እንደ ማለት ነው። ይቺም እንደዚያ መስላው ሦስቱንም ተጫናቸው። እሷ ደግሞ ሳትጠይቅ፣ ሳታስጠነቅቅ፣ ራሷን አጥፍታ እንደገና መነሳት ጀመረች። ጉድ ፈላ! የቀጥታ ስርጭት ላይ ነበሩ፤ የከንቲባው ንግግር አፋቸው ላይ ተቆረጠ፤ ከተማው በሙሉ ባዶ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ቆየ። ሥራ አስኪያጁም የነካውን ሰው ትቶ ጠባቂውን ሠራተኛ ሁሉ ባለበት አዋረደው። «አንተን ብሎ ጠባቂ!» ነው ያለው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሰውየው ያን ዕለት እህል ሳይቀምስ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ቁልፎች ዘጋቸው። ከዚያ ወዲያ እነሱን መጫንና ግድግዳ መጫን አንድ ሆነ። ያም አልበቃውም፤ ከማሽኗ ፊት ያለውን ማጥፊያም ቢነኩት እንዳይሰማ አደረገው። የይለፍ ቃሉን ከራሱ በቀር ነፍስ ያለው ፍጡር እንዳያውቀው አደረገ።

በጣቢያው አንዲት የፕሮግራም አዘጋጅ ነበረች። ይህን ሰምታ መጣችና መከረችው።

«ወንድሜ፣ አትዝጋቸው። እንደገና የሚያስነሱትን በሥርዓት የሚያጠፉ አድርጋቸው፤ እሱን መለወጥ ለአንተ ምንም አይደለም። መብራት ሲሄድ፣ አንተም ስትርቅ፣ ሰው የሚይዘው አንድ ነገር ይኑር።»

«ደግሞ እንዲያጠፉብኝ? አንቺማ ምን አለብሽ፣ አልተሰደብሽ!» አላት። ስድቡ ገና ከአንጀቱ አልወጣም ነበር። እሷም ተቀየመችና ሄደች።

የመጨረሻዋን ቅዳሜ ቀድተው ሲያበቁ አባቱ በከዘራቸው ወደ ማሽኗ ጠቆም አድርገው ጠየቁት።

«ይህችን ነገር አንተ ሳትኖር ማን ይከፍታታል?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ አባዬ!» አለና ሳቀ።

«እኔም አለሁ እል ነበር» አሉት። ከዚያ ክንዱን ተደግፈው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ሁሉ ያለበት ዲስክ አረጀ፤ ኳ ኳ ይል ጀመር። ሰውየው አዲስ ዲስክ አስገዛና ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመረ። ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ትርፍ ቅጂ ለማስቀመጥ ሲያስብ ነበር፤ «ይቺ ትለቅና» እያለ አሳደረው። ማዛወሩ ገና መንገድ ላይ እያለ ከቤት ሰው መጣና ጠራው። አባቱ አርፈዋል።

ጥሎ ሮጠ፤ ማን ይፈርድበታል? አባቱን ቀበረ፤ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ ስልኩን ዘጋ። ሐዘንተኛ ስልክ አያነሳም።

ጣቢያው ውስጥ አዘጋጇ ለሟቹ መታሰቢያ የሚሆን ፕሮግራም ልትሠራ አስባ ነበር። ማዛወሩ ያልቅና ድምፃቸውን አገኛለሁ ብላ ስትጠብቅ ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ማሽኗ በባትሪ ቀረች፤ ባትሪውም ይጮህ ጀመር። አዘጋጇ ወደ ጓዳው ሮጣ ሦስቱን ቁልፎች ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። ማጥፊያውን ነካች። ምንም። ስክሪኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ እሷ ምን ታውቃለች? ደወለች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው» ይላታል። ሹፌሩን ጠርታ «በፈጠረህ፣ በሞተር ብረር፤ የይለፍ ቃሉን ተቀብለህ ደውልልኝ!» ብላ ላከችው።

ሹፌሩ በረረ። ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ነው ነገሩን ያበላሸው። ድንኳኑ ሲገባ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ጎንበስ አለና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበለት፤ ዘገነ። «አባቱ ትናንት ተቀብረው ዛሬ ስለ ባትሪ ላውራ እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?» እያለ አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይዘጋል። በመሃል አንዲት አልቃሽ ተነሥታ ስለ ሟቹ ሙሾ ታወርድ ጀመር። በዚያ ላይ ማን ይናገራል?

ጠባቂውም ሹፌሩን አየው። ልቡ ተነካ። «ለካ መሥሪያ ቤቴ አልረሳኝም» አለ በሆዱ፤ ከስድቡ ወዲህ በጣቢያው ሰው ደስ ሲለው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጉዳይህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀውም፤ ለምን መጣህ ተብሎ ለቅሶ ደራሽ አይጠየቅማ።

ሹፌሩ ሊሄድ ተነሥቶ ሊሰናበት ሲያጎነብስ ነው በጆሮው ሹክ ያለው። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ መብራት ሄዶ ማሽኗ ትጮሃለች፤ አዘጋጇ የይለፍ ቃሉን ይላክልኝ ብላ ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውየው ነጠላውን ጥሎ ተነሣ፤ ስልኩን ከፍቶ ደወለ። አዘጋጇ አነሣች።

«ማሽኗ ዝም አለች» አለችው። «ዝም ካለች ቆየች።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና ጮኸ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልጮኸም። ለቅሶኞቹ «ሐዘኑ ገና አሁን ገባው፤ ተዉት ያልቅስ፣ ይውጣለት» ተባባሉ። ያለቀሰው አባቱን ለሁለተኛ ጊዜ እንደሆነ ማን ያውቅለታል?

አሮጌው ዲስክ ከዚያ ወዲያ አልነቃም። አዲሱም የተቀበለውን በቅጡ ሳይጽፍ ስለተቋረጠ ውስጡ ያለው ሁሉ ፍርክስክስ ብሎ ቀረ። ሰውየው ሁለቱንም በፎጣ ጠቅልሎ ያልዞረበት ጥገና ቤት የለም። የሁሉም መልስ አንድ ነው። በዓመቱ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ጣቢያው ድረስ መጡ፤ ሽማግሌው የተናገሩትን ሰምተን በእሳቸው ሥርዓት እንታረቅ አሉ። ጠባቂው በር ላይ ቆሞ የለም አላቸው። የተበተኑት ሳይታረቁ ነው።

አንዲት ነገር ብቻ ተርፋለች። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ አዘጋጇ ለማይክ ሙከራ ብላ በስልኳ የቀዳችው ነው። ቂሟን ትታ ላከችለት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ «ይሰማል ልጄ? ትሰማኛለህ?» ይላሉ። እዚያ ላይ ያልቃል። ሰውየው ዛሬም ይከፍታታል ይባላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አብነት። ጤና ጣቢያ ያለችው ማሽንህ ያቺ ማሽን ናት፤ በውስጧ የነፍሰ ጡሮችና የሕፃናት ታሪክ አለ። አስቸገሩኝ የምትላቸው ነርሶች ያቺ አዘጋጅ ናቸው። ሰውየው ደግሞ፣ አትቀየመኝ፣ አንተ ነህ። ማሽኗን ሌባ አልነካት፣ ጠላት አልመጣባት፤ ያጠፋት ራሱ በፍርሃት የዘጋው ቁልፍ ነው። አንድ ጊዜ ስለተዋረደ፣ ሰው ሁሉ አጥፊ መሰለው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ልታድን የሮጠችውንም ሴት ከአጥፊ ቆጥሮ ውጭ አስቀራት።

ሦስቱን ቁልፎች እንዳሉ አትተዋቸው፤ ልክ ነህ፣ እንደዚያ ሆነው አደጋ ናቸው። ግን አታፍናቸው። ሦስቱ ሲነኩ የያዘችውን አስቀምጣ፣ ፋይሏን ዘግታ፣ ራሷን በሥርዓት እንድታጠፋ እዘዛት። ከዚያ ነርሶቹን ሰብስብና መቼ እንደሚነኩ፣ መቼ እንደማይነኩ አስተምራቸው። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ለአንድ ለምታምነው ሰው አደራ ስጥ።

ምን አቀረቀርክ? እናትህ በሕይወት አሉልህ አይደል? ዕድሜ ይስጣቸው። አንድ ቀን ግን አንተም ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ስልክህንም ትዘጋለህ። ያን ቀን ማሽኗ ብትጮህ ማን ይደርስላታል? የሚደርስላትን ሰው ስም ንገረኝና መስመሩን አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ።