ያረፈደችው ልጅ አባት

አንድ መምህር ነበረ። ገና ፊደል ሲቆጥር የተማረው አንድ ሕግ ነበር፦ «የአፍህን በእጅህ ፈጽም።» ያስተማሩት የኔታ እቀጣለሁ ካሉ ቀጡ፤ እናት ብታለቅስ፣ ጎረቤት ቢማልድ፣ አለንጋው ከተሰቀለበት ከወረደ ባዶውን አይመለስም ነበር። ልጁ ይህን ሕግ ከነሰንበሩ ይዞት አደገ፤ መምህር በሆነም ጊዜ ከዕውቀቱ ሁሉ አስበልጦ የሚመካበት እርሱን ነበር። አንተ፣ ልጄ፣ በአዲሱ ዓመት ለክፍሌ ምን ዓይነት ሕግ ላውጣ፣ ቅጣቱንስ ምን ያህል ላክብደው ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ፣ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ፣ «ሕጋችሁን እናንተው አውጡ፤ እኔ እጽፋለሁ» አላቸው። ልጆች ሕግ አውጡ ሲባሉ ከዳኛ ይልቅ ይጨክናሉ። አንዱ ያረፈደ ይገረፍ አለ። ሌላው የለም፣ ሽንት ቤት ይጠብ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ፣ «ያረፈደ በዚያው ይቅር፤ እኛም ቦታ ይሰፋናል» ብሎ አሳቃቸው። መምህሩ ከተባለው ሁሉ መርጦ ሁለት ሕግ በትልልቁ ጻፈ፦ ያረፈደ ተማሪ ወላጁን ይዞ ሳይመጣ ክፍል አይገባም፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ማንም ከክፍል አይወጣም። የምትስማሙ እጅ አውጡ ሲባል ያላወጣ አልነበረም። ዘርፌ የምትባል ጭምት ልጅም አወጣች።

ሕጉ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያረፈደው የአንድ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ በማግስቱ ከመናኸሪያ አንድ ተሸካሚ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ያረፈደውም ያንኑ ተሸካሚ አመጣ።

«አንተ የዚህ ልጅ ምኑ ነህ?» አለ መምህሩ።

«አጎቱ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ባለፈው የዚያኛው አጎት ነበርህ።»

«እናታችን ወላድ ነበሩ፣ ጋሼ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም ሳቁን ውጦ አሳለፈው። ሕጉ ወላጅ ይምጣ አለ፤ በወላጅ ስም የቆመ ሰው መጣ፤ ከዚህ በላይ መመርመር የእርሱ ድርሻ አልመሰለውም።

የዘርፌ እናት ከሞተች ቆይታለች። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የድንጋዩ ብናኝ ሳምባውን በልቶት ከአልጋ ከዋለ ሰንብቷል። ልጅቱ እርሱን ሳታጥብ፣ ሳታጎርስ፣ መድኃኒቱን ሳታስውጠው ከቤት አትወጣም። አንድ ቀን ሕመሙ ጠናበትና አረፈደች። መምህሩ «ለምን?» አላላትም፤ «ወላጅሽን» ብቻ አላት።

ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ሥር እየቆመች ትማር ጀመር። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቿ ይከቧታል።

«አንቺ ጅል፣ ያ ተሸካሚ በአንድ ሻይ ይመጣልሽ የለም?» ይሏታል።

«አባቴ በሕይወት ሳለ ሌላ አባት አልከራይም» ትላለች።

መምህሩ ይህን በጆሮው ሰምቷል። ወጥቶ ሊጠይቃትም ልቡ ደጋግሞ ተነሥቷል። ነገር ግን አንዴ ከጠየቅሁ እራራለሁ፣ ከራራሁም ሕጉ ፈረሰ እያለ ልቡን ይመልሰዋል።

ልጅቱ ለአባቷ አልነገረችውም፤ የነገረችው አንዲት ጎረቤት ናት። ትምህርት ቤቱ ያለው ከኮረብታ ላይ ነው። አባትየው ያን አቀበት በልጁ ትከሻ ተደግፎ፣ በየጥቂት እርምጃው እያረፈ ወጣው። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ትምህርት ተጀምሯል። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ትንፋሹ እስኪመለስለትም ተማሪው ሁሉ ጠበቀው።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር። የዘርፌ አባት ነኝ» አለ። «ያረፈደችው በእኔ ነው። ሳታጥበኝ አትወጣም። ቅጣትም ካለው ለእኔ ይሁን።»

«ሕጉ ተፈጽሟል፤ ትግባ» አለ መምህሩ።

ልጅቱ ግን አልገባችም። «መምህር፣ አባቴን ቤት አድርሼው ልመለስ?» አለችው።

ሂጂ ሊላት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ከእርሱ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ እርሱ ሲመላለስ አየ። ዛሬ አንዷን ያስወጣ ነገ ማንን ይከለክላል?

«ትምህርት ተጀምሯል፤ ግቢ» አላት።

«እሺ በያቸው፣ ልጄ» አለ አባትየው። «አቀበቱን ወጥቼው የለ፤ ቁልቁለቱማ ራሱ ያወርደኛል።»

ገብታ ተቀመጠች። ለዕረፍት ሲደወል ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ሰውዬው ከግቢው ውጭ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መንገደኛው ሁሉ ድካሙን የሚያሳልፍ መስሎት ሰላም እያለው አልፏል። ነፍሱ ከወጣች ግን ቆይታለች።

አስተዳደሩ መምህሩን ጠርቶ ጠየቀው፤ የጣሰው ሕግ ስላልተገኘ ወደ ሥራው መለሰው።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ አጋሰስ የሚጭን ሰው ጭነቱን ከማንሣቱ በፊት የከብቱን ጀርባ በእጁ ይዳብሳል። ገጣባ ያለበትን ከደኅናው እኩል አይጭነውም፤ ይህን ያላወቀ ነጋዴ ጭነቱንም ከብቱንም መንገድ ላይ ይጥላል። ሕግም ጭነት ነው። አንተ የጠየቅኸኝ የጭነቱን ክብደት ነው፤ የሚሸከሙትን ጀርባዎች አልጠየቅኸኝም። ሕግ አውጣ፤ ሕግ የሌለው ክፍል ገበያ ነው። ያወጣኸውንም አጽና። ነገር ግን ከመጻፍህ በፊት ከፊትህ የተቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ፣ ጠዋት ምን ሠርተው እንደሚመጡ እወቅ፤ ያረፈደውንም በር ላይ ከማቆምህ በፊት ለምን በለው። ያን መምህር መፈጸምን እንጂ መጠየቅን ያስተማረው አልነበረም። አንተ ግን ዛሬ ሰምተሃልና ብታጠፋ በአንተ ይብሳል።

የተቀጣውንም ቅጣት ስማ። ከሟቹ አርባ በኋላ መምህሩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሽማግሌዎች ፊት ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ልጅቱን፣ «በምን ይካስሽ?» አሏት።

«ገንዘብ አልፈልግም» አለች። «አባቴ ስለ እኔ ሲጠሩት መጣ። ከእንግዲህ በምማርበት ሁሉ ወላጅ ሲጠራ እሳቸው ይምጡ።»

እንዲሁ ተፈረደ። በተከታዩ ዓመት በሌላ ትምህርት ቤት አረፈደች፤ የተጠጋችበት ቤት ውኃ ሳትቀዳ አያስወጣትምና። መምህሩ ተጠርቶ ሄደ፤ በክፍሉ በርም ቆመ። በዕድሜ ልጁ የሚሆን መምህር ነበር የጠበቀው። የቀድሞ መምህሯ የውኃውን ነገር ሊያስረዳ ቢጀምር፣ «ሰበብ አልጠየቅሁዎትም፤ ልጅዎን ሥርዓት ያስይዙ» ብሎ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ገሠጸው። እርሱም ተግሣጹ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።