የአንጓች ድንጋይ

አይ ጋሼ በላቸው፣ «ተረት ነው» ብለህ ስልክ መዝጋት መልስ አይሆንም። ያወሩልን እኮ አያቴ ናቸው፣ የራስህ አባት። እንደገባኝ ልንገርህ፤ ገብቶኝ ከሆነ።

ድሮ ነው፣ ይሄ አገራችን ገና ጫካ እያለ። አንጓች የምትባል እንጨት ለቃሚ ነበረች። ዘመድ የላት፣ በሬ የላት። ያኔም እንደዛሬው ምህላ ሲወጣ ሰው ድንጋይ ይሸከማል፣ ለኃጢአቱ።

አንድ ዓመት በረዶ ወረደ። እህሉን አነጠፈው። ሰዉ «የሸማኔው ጦስ ነው፣ ጌታ ሆይ ማረው» አለ። አንጓች ድንጋይዋን አንገቷ ላይ አድርጋ «ማረን» አለች። ሳቁባት። «አንቺ ደሞ፣ ከእንጨት ለቀማው ተርፎሽ ለኃጢአት ጊዜ አለሽ?» አሏት።

አንበጣ መጣ። የተረፈውን በላው። ሰዉ «የባልቴቷ ጦስ ነው፣ ማራት» አለ። አንጓች ድንጋይዋን ተሸክማ «ማረን» አለች። አሁን አልሳቁም። «ከማን ጋር ነው የምትደምሪን?» ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አስወጧት።

ከዚያ ምንጩ ደረቀ። ሰዉ «የአንጓች ጦስ ነው» አለ። የተሸከመውን ድንጋይ እያመጣ ደጇ ላይ ጣለ፣ በሩ ሊደፈን እስኪደርስ። እሷ ሾልካ ወጣች። ከክምሩ ትልቁን አንስታ አንገቷ ላይ አደረገች። «ማረን» አለች።

እኔ እዚህ ጋ ነው የሚጠፋብኝ። የበደሉት እነሱ፣ የተበደለችው እሷ። ምኑን ነው «እኛ» የምትለው? አያቴን ስጠይቃቸው «እኔም አባቴን ጠይቄ ነበር» አሉኝ፣ በቃ። ብቻ መጀመሪያ ጭቃ ሹሙ መጥቶ የጣለውን ድንጋይ መልሶ ተሸከመ አሉ። ሌላውም ተከተለ። ደጇ ባዶ ሆነ። ምንጩ ያን ቀን ፈለቀ የሚሉ አሉ፤ አያቴ ግን ክረምት ሲገባ ነው ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ምህላ የሚመራ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይሸከማል። «የአንጓችን አንሳ» ይባላል፣ ሳያነሳ አፉን አይከፍትም።

አንተ ትላንት ምህላውን ስትመራ መቋሚያህን ይዘህ ቀጥ ብለህ ቆምክ። «ዝናቡን ያስከለከለን የሽታዬ ጠላ ቤት ነው፣ ጌታ ሆይ ማራት» አልክ። እህቴን፣ የወንድምህን ልጅ። ዛሬ ጠዋት ሴቶቹ ከቦኖው አባረሯት። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ገብታ ቁጭ ብላለች። ልደባደብ ወጣሁና ያቺ እንጨት ለቃሚ ትዝ ብላኝ ከመንገድ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ እኔንም አልገባኝም። ከጠላዋ እኔም ጠጥቻለሁ፤ ነገ ድንጋዬን ተሸክሜ እወጣለሁ። ቅዳሜ እዚያው ጠላ ቤቷ ቁጭ ብለህ «ድገሚኝ ሽታዬ» ስትላት የነበርከው አንተስ ጋሼ፣ ድንጋይህ የታለ?