የአንድ ፍሬ ሽምብራ ሽያጭ

ጆሮ አላችሁ? «አለን!» በሉኝ እንጂ። እንግዲያው ለእመት ጦጢት ነገር አንድ አፍታ አውሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በቅዳሜ ገበያ በሚገናኙበት ዘመን፣ የወንዙ ድልድይ ተሰበረ። አንበሳም አወጀ። «ድልድዩ እስኪጠገን ድረስ ሻጭ ሁሉ ከሚሸጠው ከየስልቻው አንድ እፍኝ የሽያጭ ግብር ይክፈል!»

ገበያው ተንጫጫ። እንቁራሪት «እኔ ዋኝቼ ነው የምሻገረው፤ ድልድይ ምን ያደርግልኛል?» አለች። አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ «እኔን አይመለከተኝም፤ በዕድሜዬ ሸጬም ገዝቼም አላውቅ» አለ። ይህን ሲል በጎቹ ትንሽ ራቅ ራቅ አሉ።

ከሁሉ የባሰባት ግን እመት ጦጢት ናት። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶታል፤ ልጆቿ ደግሞ ያለፈውን ክረምት ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ነው የከረሙት። አያ በግ ከገዛ ጠጉሩ ያሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ በአንድ ስልቻ ሽምብራ ሊለውጥላት ተስማምቷል። ስልቻ ሙሉ ሽምብራ አላት። ግን ያቺ እፍኝ! ያቺ እፍኝ እንቅልፍ ነሳቻት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስልቻውን ነጠላ አልብሳ፣ አዝላ መጣች። ግብር ሰብሳቢው ጋሽ ኤሊ፣ እንደ እንስሳቱ አፍ ካለው መስፈሪያ ከቁና ጋር ገበያው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ይዘሻል?»

«እናቴን ነው ጋሽ ኤሊ። ታመውብኝ ጠበል እየወሰድኳቸው ነው።»

«ውይ፣ እግዜር ይማራቸው!»

ቁና ሳቁ አመለጠው። «እናትሽን በመኸር ጊዜ እኔ አይደለሁ እንዴ የሰፈርኳቸው? አራት ቁና ናቸው!»

ጦጢት እናቷን ይዛ ወደ ቤቷ ፈረጠጠች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሽምብራውን በራሷና በልጆቿ ጉንጭ ጠቅጥቃ መጣች። ጋሽ ኤሊ ግን ሰላምታቸው ረጅም ነው።

«እንደምን አደርሽ?» ጦጢት ራሷን ነቀነቀች።

«ልጆችሽስ?» ነቀነቀች።

«ባልሽስ? እርሻውስ? ጎረቤቱስ? ሰማዩስ እንዴት ነው?»

ለታላቅ ሰው ዝም ይባላል እንዴ! «እግዚአብሔር ይመስ...» ስትል ሽምብራው በጋሽ ኤሊ ላይ ዘነበ። ልጆቿም ሥርዓት ያላቸው ናቸውና አብረው አመሰገኑ። ሲለቅሙ ውለው ገበያው ተበተነ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው፤ ደመናው ከብዷል። ጦጢት አንድ ዘዴ መጣላት። ሻጭ ሰፍሮ ሲያበቃ ለደንበኛው ከላይ ጣል የሚያደርጋት ምርቃት አለች አይደል? ምርቃት ሽያጭ አይደለችም፤ ስለዚህ ግብር የለባትም። ጋሽ ኤሊ ፊት ቆማ ጮኸች።

«ስሙኝ! ለአያ በግ የምሸጥለት አንድ ፍሬ ሽምብራ ብቻ ነው። የቀረው ስልቻ ሙሉ ምርቃት ነው!»

ጋሽ ኤሊ አሰቡ፣ አሰቡና «ከአንድ ፍሬ እፍኝ አይወጣም፤ እለፊ» አሉ። ጦጢት ጨፈረች። ልጆቿም ጨፈሩ።

አያ በግ ስልቻውን ተረከበ። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አንድ ክር መዞ ሰጣት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንድ ፍሬ ሽምብራ ዋጋ።»

«ስልቻውስ?»

«ምርቃት ነው አልሽ፤ ጋሽ ኤሊም ቁናም ሰምተዋል። ለምርቃት ይከፈላል እንዴ?»

ጦጢት ወደ ጋሽ ኤሊ ዞረች፤ ጋሽ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ድንጋይ ልብሳቸው አስገቡ። አለቀሰች፣ ለመነች። ሌላው ሁሉ አልሆን ሲላት «እሺ፣ አንተም ምርቃት ጨምርልኝ!» አለች። አያ በግ ደግ ነውና አንድ ክር ጨመረላት።

ክረምቱ ገባ። እመት ጦጢትና ልጆቿ ሁለት ክር ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤት «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ሲላት፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ይሄ የሽያጭ ግብር ጨረሰን!» ትላለች። አንዲት እፍኝ እንኳ ከፍላ አታውቅም።

እናንተ ግን እፍኟን ሰጥታችሁ ብርድ ልብሱን ልበሱ። በሉ ጆሯችሁን መልሼላችኋለሁ፤ እኔም ብርዱ ሳይጠናብኝ ልግባ።